ሆዱ ያበጠ መላጊያ

ነገሩን የጀመሩት አማቴ ናቸው። የፋሲካ ማግስት ጠላ ሊቀዱልኝ ብለው የፕላስቲክ ባልዲያቸውን አሸተቱና ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ይኼ ነገር ሳሙና ሳሙና ይለኛል። አንተ እንጨት ትወዳለህ አሉ። አንድ የእንጨት ባልዲ አትሠራልኝም?»

«ምን ችግር አለው እማማ» አልኩ። ሁለተኛ ብርጭቆ ላይ ነበርኩ። ምን ችግር እንዳለው የገባኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ቀን ቀን ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ማታ ማታና ቅዳሜ ግን አናጢ ነኝ፤ ቢያንስ ራሴን እንደዚያ እጠራለሁ። የምንኖረው ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤት ውስጥ መጋዝ መጎተት ስለማይታሰብ ኮሚናሉ ውስጥ አንድ ጥግ ለምኜ አግኝቻለሁ። ኮሚናል ለማታውቁ፣ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት የጋራ ቤት ነው። ኮሚቴው ጥጉን ሲሰጠኝ ሦስት ነገር አስጠንቅቆኛል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መዶሻ የለም። ሰጋቱራ በየቀኑ ይጠረጋል። በዓል ሲደርስ ጠረጴዛዬ ይነሳል። የኛ አገር በዓል ደግሞ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ባልዲ ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም። እኛ የእንጨት ዕቃ የምንሠራው ጎድጉደን ነው። ሙቀጫ፣ ከበሮ፣ ገበታ፣ ገንዳ፣ ሁሉም አንድ ግንድ ተወስዶ ውስጡ እየወጣ የሚሠራ ነው። ጣውላዎችን ጎን ለጎን አቁሞ፣ በቀለበት አስሮ፣ ያለ ኮላና ያለ ምስማር ውሃ እንዲይዙ ማድረግ ሌላ ሙያ ነው። ዕድሜው ግን ትንሽ አይደለም። ግብፅ ውስጥ ሄሲ-ሬ የተባለ ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ እንዲህ በጣውላ የተሠራ ዕቃ ተስሏል፤ ከ4,500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሮማዊው ፕሊኒም በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ያሉ ሰዎች ወይናቸውን በቀለበት በታሰረ የእንጨት ዕቃ እንደሚያስቀምጡ ጽፏል። እኛ ዘንድ «በርሜል» የሚለው ቃል ገብቷል። ሠሪው፣ ጣውላው፣ መሣሪያው ግን ስም የላቸውም። እኔ እያንዳንዱን ጣውላ «ጎን» እያልኩ ነው የምጠራው። ሌላ ካላችሁ ንገሩኝ።

ያሰብኩት ትንሽ ባልዲ ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር፣ የታችኛው ውስጥ ስፋቱ 24፣ ወደ ላይ ትንሽ ጠበብ የሚል። 12 ጎን። ክቡ 360 ዲግሪ ነው፤ ለ12 ሲካፈል 30። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሁለት ጠርዝ ስለሚገናኝ አንዱ ጠርዝ 15 ዲግሪ ይላጋል። የእያንዳንዱ ጎን የውስጥ ስፋት ከታች 6.4 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ሒሳብ ነው፤ እኔም የሒሳብ ሰው ነኝ። እንጨቱ ዋንዛ ነው። 2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ሰፈር የሚለቁ አንድ እናት ቁም ሳጥናቸውን በርካሽ ሸጠውልኝ ነበር። ሳንቃው ሁለት ሴንቲሜትር ውፍረት አለው፤ ደረቅ እንደ ጥጥ ፍሬ። አሥራ ሁለቱን ጎን ላግቼ፣ አቁሜ፣ ቀለበት ከትቼ ሳየው ደስ አለኝ። ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ላክሁላት። «ታች የለውም» ብላ መለሰችልኝ።

እውነቷን ነው። ችግሩም ያለው ታች ላይ ነው። የታችኛው ክብ ጣውላ በምስማር አይመታም። ከጎኖቹ ውስጥ፣ ከጫፋቸው ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን ቦይ ይወጣል፤ ክቡ ጣውላ ጠርዙ ሳስቶ እዚያ ቦይ ውስጥ ይነክሳል። ውሃ የሚያቆመው ይህ ንክሻ ነው። ቦዩ ዙሪያውን እኩል ጥልቀት ከሌለው ያፈሳል።

የኔ ባልዲ ደግሞ ከውስጥ ክብ አይደለም። አሥራ ሁለት ጎን ያለው ነገር ነው። ሙያተኞቹ እያንዳንዱን ጎን ቀድመው ከውስጥ ይጎደጉዱታል። እኔ ሰነፍኩና ልሙጡን ተውኩት። ከመሃሉ እስከ ጎኑ ወገብ 12 ሴንቲሜትር ነው፤ እስከ መጋጠሚያው ደግሞ 12.4። አራት ሚሊሜትር ልዩነት! ቦዩ ራሱ አምስት ሚሊሜትር ነው የሚጠልቀው። በመሮ ልሞክር ብዬ ሁለት ቅዳሜ አቃጠልኩ። የወጣው ነገር አይጥ የበላው ዳቦ ይመስላል።

ያኔ ነው ስለ መላጊያው ያነበብኩት። በርሜል ሠሪዎች ቦዩን ከማውጣታቸው በፊት፣ ቦዩ የሚያርፍበትን ቦታ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ጎድጉዶ የሚያስተካክል አንድ ትንሽ መላጊያ አላቸው። እንግሊዞቹ ሃወል ይሉታል። ቦዩን የሚያወጣው ተከታዩ ደግሞ ክሮዝ ነው። የሃወል ሆድ እንደኛ መላጊያ ልሙጥ አይደለም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያበጠ ነው፣ የባልዲውን ውስጥ እንዲከተል። ወደ ግራና ወደ ቀኝም ያበጠ ነው፣ እንዲጎደጉድ። በመላጊያው አንድ ወገን ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ሰፊ ጣውላ ተያይዟል። ጨረቃው የጎኖቹ አፍ ላይ ተደግፎ ሲዞር ምላጩ ሁልጊዜ ከጫፉ እኩል ርቀት ላይ ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሸጥ ሱቅ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። መርካቶን አንድ ጊዜ ዞሬ የጠየቅኳቸው ሁሉ የኤሌክትሪክ መላጊያ አሳዩኝ።

ሠራተኛ ሰፈር አንድ ሽማግሌ አናጢ አውቃለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሰፈሩ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የባለ እጅ ሰፈር ነው። በነገራችን ላይ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ሕዝቡ እየሰደበ አስቸግሮ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «አዋጁ ወጥቷል፤ ሰዉ ግን አልሰማም» አሉኝ።

ስልኬ ላይ ያለውን ስዕል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ።

«ይኼ መላጊያ ነው? ሆዱ አብጦ የለ እንዴ!»

«ይሠሩልኛል ጋሼ?»

«እኔ ምን በወጣኝ። ራስህ ትሠራዋለህ። እኔ አጠገብህ ሆኜ እቆጣሃለሁ።»

ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ለአካሉ ወይራ መረጥን። ጠንካራ ነው፣ ከባድ ነው፣ እንጨቱ ውስጥ ቅባት ስላለው ሲንሸራተት ይመቻል። መርካቶ ለዕቃ ማጠኛ ወይራ ከሚሸጡት ሴቶች አንድ ወፍራም ቁራጭ ገዛሁና እየተኩራራሁ ይዤላቸው ሄድኩ። ጋሼ በጣታቸው አንኳኩተው «እርጥብ ነው፤ ይሰነጠቃል» አሉ። ጫፍና ጫፉን የጧፍ ሰም ቀባሁት፣ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ «ጧ!» ብሎ ባለቤቴን አስነሳት። ሌባ መስሏት ነበር።

ጋሼ ምንም አላሉም። ከሱቃቸው ጀርባ ገብተው የተሰበረ ዘነዘና ይዘው መጡ። አሮጌ፣ ጥቁር፣ ወፍራም ጫፉ የእግሬን ባት የሚያህል። ወይራ ነው። ስንት ዓመት እንደደረቀ እሳቸውም አያውቁም። ከዚያ ወፍራም ጫፍ 14 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 5 ስፋት፣ 6 ተኩል ቁመት ያለው ድፍን ወጣ። መጋዙ ገና ሁለት ጣት ሳይገባ ማስነጠስ ጀመርኩ። ጋሼም አስነጠሱ። ከዚያ አንድ መንገደኛ በበሩ ሲያልፍ አስነጠሰ። ዘነዘናው ዕድሜ ልኩን በርበሬ ሲወቅጥ ኖሯል።

የቀረውን ሥራ ወደ ኮሚናሉ ወሰድኩት። አማቴ በዚያ ሳምንት እኛ ጋ ነበሩ። ሊጎበኙኝ ወርደው መሬት ላይ ያለውን የወይራ ፍቅፋቂ ሲያዩ ጮኹ።

«ይህን ልትጠርገው ነው? አብደሃል?»

ፌስታል አስመጡና አንድ በአንድ ለቀሙት። ለጠላ ጋን ማጠኛ ነዋ። እውነት ለመናገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሥራዬ ያላቸው አክብሮት ጨምሯል። ባልዲው ባይሳካ ፍቅፋቂው አለ። እኔ ግን ቀጣዩ ጠላ በርበሬ በርበሬ እንዳይል ስሰጋ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መላጊያ ማለት ምላጭ በትክክለኛው ማዕዘን ይዞ የሚቆም እንጨት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። መሃሉ ላይ ከሆዱ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል መስመር አሰመርኩ። ምላጩ የሚተኛበት አልጋ ይህ ነው። ከፊቱ ፍቅፋቂው የሚወጣበት ክፍት ይቆፈራል። ከላይ ሰፊ፣ ወደ ሆዱ ሲወርድ እየጠበበ፣ በመጨረሻ ቀጭን አፍ ይሆናል። ግራና ቀኝ ደግሞ ሽብልቁ የሚጠብቅበት ሁለት ጉንጭ ይተዋል። ጉንጮቹ ወደ ታች እየጠበቡ ነው የሚሄዱት፤ ሽብልቁ በተመታ ቁጥር ምላጩን ይበልጥ እንዲነክሰው።

ይህን ሁሉ በስድስት ሚሊሜትር መሮ ከወይራ ውስጥ ማውጣት ሦስት ማታ ፈጀ። ወይራ እንደ ዋንዛ አይለቅም። ትመታለህ፣ መሮው ይዘላል። ትስለዋለህ፣ አሁንም ይዘላል። አውራ ጣቴን የቆረጥኩት ሁለተኛው ማታ ላይ ነው። ሦስት ስፌት። ጋሼ ፋሻውን አይተው «መሮ ስትገፋ ሌላው እጅህ ከስለቱ ኋላ ይሁን ብዬህ የለ?» አሉ። ብለውኛል። ዋናው ነገር የምላጩ አልጋ ነው። ምላጩ አልጋው ላይ ከላይ እስከ ታች ካልተኛ ሲቆርጥ ይንቀጠቀጣል፣ እንጨቱ ላይም ሞገድ ሞገድ ይተዋል። ምላጩን የጧፍ ጥላሸት እየቀባሁ አስተኛለሁ፣ አነሳለሁ፣ አልጋው ላይ የጠቆረውን ጉብታ ብቻ በመሮ እፍቃለሁ። ሃያ ጊዜ ያህል። ጥቁሩ አልጋውን በሙሉ ሲነካ ቆምኩ።

የሆዱ እብጠት ላይ የሠራሁት ስህተት ያሳፍረኛል፤ ግን ልንገራችሁ። ባልዲው ሲስተካከል የውስጥ ሬዲየሱ 12.4 ሴንቲሜትር ይሆናል ብያለሁ። እኔም «ትንሽ ሰፋ ይበል» ብዬ በካርቶን 13 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ቆርጬ ሆዱን በዚያ ልክ ሞረድኩት። መጀመሪያ ጎኖቹ ልሙጥ ስለሆኑ ደህና ቆረጠ። ትንሽ ጎድጎድ ሲሉ ግን ዝም አለ። ስገፋው ይሄዳል፣ ፍቅፋቂ የለም። ምላጩን ባወጣው ባወጣው ያው ነው። ባልዲውን ወደ መስኮቱ አዙሬ አጎንብሼ ሳይ፣ የመላጊያው አፍንጫና ጅራቱ እንጨቱን ነክተዋል፤ መሃሉ ላይ፣ ምላጩ ያለበት፣ ብርሃን ያልፋል። አንድ ሚሊሜትር ገደማ ተንጠልጥሏል። ጋሼ በስልክ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ከዕቃው በላይ መጉበጥ አለበት እኮ! ማንኪያ ከድስቱ ይሰፋል?» 11 ሴንቲሜትር አድርጌ እንደገና ሞረድኩት። አሁን ስታዩት በአፉ የተደፋ ሳይሆን በሆዱ የተኛ ታንኳ ነው።

ምላጩ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ብረቱ ከሶማሌ ተራ የተገዛ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቁራጭ ነው። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ስለት ይቀበላል፣ በቀላሉም አይሰበርም። ምናለሽ ተራ አንድ ብረት ቀጥቃጭ በእሳት አሳስቶ፣ 3 ሴንቲሜትር ስፋት አድርጎ ቆረጠልኝ። እስከዚያ ጥሩ ነበር። ከዚያ አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረው። «ጭው» ሲል መሃሉ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። የባሌስትራ ብረት በውሃ ሲደነግጥ ይሰነጠቃል፤ ዘይት ነው የሚፈልገው። ስህተቱ የኔም ነው፤ ቀድሜ ሳልነግረው። ሁለተኛውን ስንሠራ አንድ ጆግ የኑግ ዘይትና ማግኔት ይዤ ሄድኩ። ማግኔቱ ለመለኪያ ነው። ብረት በሚገባ ሲግል ማግኔት መሳብ ያቆማል። ያኔ ትንሽ ጨምሮ ማጋልና መንከር። ሰውዬው በማግኔቱ መጀመሪያ ቀለደ፤ በኋላ ግን ደጋግሞ ራሱ ሞከረው፤ ስወጣም ማግኔቱን አስቀረው። ዘይቱ ሲጨስ ተራው በሙሉ የፆም ወጥ ሸተተ።

ተነክሮ የወጣ ብረት እንደ ብርጭቆ ነው፤ ቢወድቅ ይሰበራል። እንደገና በለሰለሰ ሙቀት፣ ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ፣ ማረጋጋት ያስፈልጋል። ምድጃ የለኝም፤ ምጣድ ግን አለን። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ምላጩን ጠርጌ፣ አብረቅርቄ፣ ምጣዱ መሃል አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀለሙን ነው የሚጠብቁት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቀጭን ቢጫ ይመጣል፣ እንደ ጭድ። ቢጫው እየደመቀ ወደ ጠጅ ቀለም ሲዞር ይነሳል። ቡናማ ከሆነ አልፏል፤ ሐምራዊና ሰማያዊ ከሆነ ለዚህ ሥራ ለስልሷል። ጭዱ መጥቶ ወደ ጠጁ ሊሻገር ሲል መብራት ጠፋ። ጨለማ ውስጥ በስልክ መብራት ምላጭ ስንመለከት ጎረቤት በሩን አንኳኩታ «ሻማ አላችሁ?» አለች። እንደ ዕድል ሆኖ ምጣድ ቶሎ አይቀዘቅዝም። በራሱ ግለት ጠጅ ሆነ፤ እኔም በጨርቅ ይዤ አወጣሁት። ባለቤቴ በማግስቱ ምጣዱን በጎመን ዘር ስታሟሸው ዋለች። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ባልጽፍ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ውርደት እንምጣ። ሆዱ ወደ ጎን ያበጠው ከመሃል እስከ ምላጩ ጠርዝ ሁለት ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በዚያው ልክ ሌላ ካርቶን ቆርጬ የምላጩን አፍ በሱ አስምሬ፣ በዚያው ቅርጽ ሞረድኩት፣ በጥቁሩ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ሳልኩት። የክንዴን ፀጉር ላጨ። ሽብልቁን መትቼ፣ ባልዲውን ጉልበቴ መሃል ይዤ፣ ጨረቃውን አስደግፌ ገፋሁ። የመጀመሪያው ዙር ሁለት ጭረት ብቻ ተወ። ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ፣ እንደ ባቡር ሐዲድ። መሃሉ አልተነካም። ጭረቶቹም ንጹህ አይደሉም፤ መላጊያው ጎኖቹን የሚቆርጠው አግድም፣ የእንጨቱን ቃጫ አቋርጦ ስለሆነ ጥጉ ሲገባ እንጨቱን ይቦጭቃል።

ሽብልቁን ፈታሁ፣ አጠበቅኩ። ምላጩን ስቤ መለስኩ። ጥጉን ካስገባሁ መሃሉ ይጠፋል፤ መሃሉን ካወጣሁ ጥጉ ይነክሳል። ሻይ ፈላ፣ ቀዘቀዘ። በኋላ ምላጩን አውጥቼ ከካርቶኑ ጋር ፊት ለፊት ሳስተያየው ልክ ነው። መልሼ አልጋው ላይ አስተኝቼ ከፊት ለፊት፣ በአፍንጫው በኩል ሳየው ግን ቅርጹ ሳስቷል፤ ጠፍጥፏል። ያኔ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ምላጩ 45 ዲግሪ ተጋድሟል! የተጋደመ ነገር ከፊት ሲታይ ስፋቱ አይለወጥም፣ ቁመቱ ግን ያጥራል። ሁለት ሚሊሜትር የነበረው እብጠት 1.4 ብቻ ሆኖ ይታያል። 0.6 ሚሊሜትሩ ጥጎቹን ከሆዱ አስወጥቷቸዋል። ሆዱ ላይ ሁለት እንዲሆን ምላጩ ላይ 2.8 መሆን ነበረበት፤ ሁለት ሲባዛ በ1.41። ይህ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው። በወር በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ሳስታርቅ ሳንቲም የማይጎድልብኝ ሰው ነኝ።

2.8 አድርጌ ሞረድኩት። በማግስቱ ማታ፣ ልክ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ እንደገና ጉልበቴ መሃል ያዝኩት። ገፋሁ። ድምፁ ተለወጠ። ቅድም ይጮህ የነበረው አሁን ሹክ አለ። አፉ ላይ አንድ ነገር ተነሳ፤ ጎበጠ፤ ወደ ክፍቱ ወጣ። አግድም ስለተቆረጠ እንደ ረጅም ጥብጣብ አይደለም። ጎን ባለፈ ቁጥር ተቆራርጦ የሚወድቅ፣ ጥፍር የሚያህል ስስ ቅርፊት ነው። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲሻገር መጋጠሚያው ላይ ትንሽ «ጠብ» ይላል። እየዞርኩ ስሄድ ጠቡ እየደከመ፣ እየደከመ ሄደ። ከሃያ ዙር በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ዙሪያውን ሳስኬድ የቱ ጋ አንዱ ጎን አልቆ ሌላው እንደሚጀምር ጠፋኝ።

ጨረቃውን ከዚያው ከቁም ሳጥኑ ዋንዛ ነው የቆረጥኩት፤ ከአካሉ ጋር በሁለት ቡሎንና ዳዶ አያይዤዋለሁ። ጥንታዊዎቹ በእንጨት ያያይዙታል። የኔ አይን ያስቀይማል፤ ሲፈታና ሲገጠም ግን ይመቻል። ጋሼ ግን ዳዶውን ሲያዩ ደጋግመው ምላሳቸውን አጮኹ። መላጊያውን ገልብጠው፣ አገላብጠው፣ ሆዱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ «ጎባጢት» አሏት። ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ።

ቦዩን የማወጣበትን ክሮዝ በሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ቀላል ነው፤ ያው ጨረቃ ላይ በምላጭ ፋንታ የመጋዝ ጥርስ መግጠም ነው። ከአሮጌ መጋዝ ቁራጭ ሠርቼው በአንድ ቅዳሜ አለቀ። ጎባጢት መንገዱን ከጠረገች በኋላ ቦዩ ዙሪያውን አምስት ሚሊሜትር ወረደ፣ ያለ ጭቅጭቅ። ታችኛውን ክብ አስገባሁ፣ ቀለበቶቹን መትቼ አጠበቅኩ፣ ውሃ ሞላሁት፣ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው ሌሊት ከየአቅጣጫው አፈሰሰ፤ የጠበቅኩት ነው፤ ደረቅ እንጨት ውሃ ጠጥቶ ካላበጠ አይዘጋም። ሁለተኛው ቀን ግማሹ ቆመ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋዜጣው ላይ የቀረው አንዲት ሳንቲም የምታህል እርጥብ ቦታ ብቻ ነበረች።

አማቴ መጡ። ውሃውን ደፉት፣ ገለበጡት፣ በባትሪ ውስጡን አዩት። ጣታቸውን ቦዩ ላይ ዙሪያውን አስኬዱ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ላይ ሄዶ አንድ መጋጠሚያ ላይ ቆመ።

«ታቹ ጥሩ ነው» አሉ። «እዚህ ጋ ነው የሚያለቅሰው።»

ሰባተኛው ጎን ነው። ጠርዙን ስልግ 15 ዲግሪ ሳይሆን 14 ምናምን ሳላደርገው አልቀረሁም፤ ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። ዛሬ ማታ ቀለበቶቹን እፈታለሁ። ነገ ጠዋት የሚካኤል ዝክር ስላለ ጠረጴዛዬ ከሁለት ሰዓት በፊት መነሳት አለበት።